በፍትሐቱ ገጽ አናት ላይ ስለተጻፉት ሦስት መስመሮች

ለክቡር አቶ ሚሊዮን ዘመኑ፤
የጥንታዊ ጽሑፎች ዲጂታል ማድመቂያ ፕሮጀክት አስተባባሪ፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፤ የጋይንት ውርጭ ያላቆረፈደው፣ የስማዳ አቧራ ያልደፈረው፣ የእስቴም ጭቃ ጫፉን እንኳ ያልነካው ጫማዎ እንደምን ሰንብቷል? በእርሱ ላይ የቆሙት እርስዎስ፣ በምረቃ ሪባን ፊት መቀስ ይዞ ለመታየት የተፈጠሩ የሚመስሉት፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ሥራን ሳይጀምሩ መመረቅን፣ ሳይመረምሩ ማጽደቅን፣ ሳይጠየቁም መመስገንን በአንድ ሰውነት አስማምቶ የሰጠዎ አምላክ ይህንኑ ጸጋ ያጽናልዎ። እኛ ገብሱን አጭደን ወደ አውድማ በማስገባት ላይ ነን፤ በሬዎቻችንም ደኅና ናቸው። ሙታኖቻችን ግን፣ የእርስዎ ሥራ በደረሰባቸው መጠን፣ ደኅና አይደሉም፤ ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ለመጻፍ የተነሣሁትም ስለ እነርሱ፣ ይልቁንም ስለ አንዲቱ ነው።

ማን እንደምጽፍልዎ እንዲያውቁት፣ እኔ በልጅነቴ እዚሁ ጋይንት ካለው የቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት ገብቼ ዜማና ቅኔ የተማርሁ፣ በጎልማሳነቴ ብራና እየፋቅሁ የጻፍሁ፣ ዛሬ ደግሞ በምርኩዝ ደብሬን የምሳለም ሽማግሌ ነኝ። ለክቡርነትዎ የማቀርበውን ምስጋና እንደ ቢሮ ሰው ልማድ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ከዚህ በታች ከምናገረው ነገር ተረድቻለሁና።

አንደኛ፤ ስለ ብረቱ ሣጥን አመሰግንዎታለሁ። አባቶቻችን በፍየል ቆዳ ላይ የጻፉትን፣ ከቃጠሎና ከዘረፋ በዋሻ እየሸሸጉ ያቆዩልንን የፍትሐት መጽሐፍ፣ ማለት ለሟች ነፍስ የሚጸለይበትን፣ ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ አስነሥተው ካበቁ በኋላ «ለጥንቃቄ» በሚል በብረት ሣጥን ቆልፈው ቁልፉን ይዘውልን ሄደዋል። መጽሐፉን እስከ ዛሬ ከእሳት፣ ከአይጥና ከዝናብ የሚጠብቅለት ሰው አላጣም ነበር፤ ከአንባቢ የሚጠብቅለት ግን እስከ እርስዎ ዘመን አልተገኘለትም።

ሁለተኛ፤ በመጽሐፉ ፋንታ ስለ ተሰጠን ታብሌት አመሰግንዎታለሁ። በውስጡ ያለው ፕሮግራም ፓይዘን በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ እንደተጻፈ፣ የስሙም ትርጓሜ ዘንዶ እንደሆነ ሲወራ የደነገጡ ምእመናን ነበሩ፤ ያረጋጋኋቸው እኔ ነኝ። ሙሴ በምድረ በዳ የናስ እባብ ሰቅሎ ሕዝብ አድኖ የለምን? ብዬ። የፕሮግራሙም ሐሳብ በራሱ ያማረ ነው፤ ይህን ስል አልዘባበትም። በፍትሐት ጸሎት ውስጥ የሟች ስም በሚጠራበት ቦታ ሁሉ «እገሌ» ተብሎ ይጻፋል፤ ካህኑም እዚያ ሲደርስ «እገሌ»ን ትቶ የሟቹን የክርስትና ስም ይጠራል። የእርስዎ ፕሮግራም ይህን ቦታ በቢጫ ያደምቃል፤ ከገጹ ግርጌ ባለችው ጠባብ ሣጥን ውስጥ ስሙ አንድ ጊዜ ሲጻፍም፣ ከቢጫው ሥር ያለውን ቃል አንሥቶ ስሙን በቦታው ይተካል። አባቶቻችንም ቅዱሱን ስም በቀይ ቀለም የጻፉት የአንባቢው ዓይን እንዳይስት ብለው ነውና፣ ቃልን በቀለም ማድመቅ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንግዳ የሆነብን በወገዳ ከተማ በተደረገው ሥልጠና ካህናቱን ሰብስበው «ከእንግዲህ ማስታወስ አያስፈልጋችሁም፤ ቢጫውን ብቻ ተከተሉ» ማለትዎ ነው። አንድ አዛውንት ካህን ተነሥተው «ቢጫው ቢሳሳትስ?» ብለው ሲጠይቁዎ፣ «ኮምፒውተር አይሳሳትም አባቴ፤ የሚሳሳተው ሰው ነው» ብለው አዳራሹን አሥቀዋል። እውነትዎን ነበር፤ የትኛው ሰው እንደሆነ ግን ያን ቀን አልነገሩንም።

ሦስተኛ፤ ስለ ወይዘሮ አዛለች አመሰግንዎታለሁ።

አዛለችን አያውቋትም። ባሏ በሞተባት ጊዜ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ፣ አርብ ገበያ ላይ ገብስና ባቄላ እየሰፈረች አንዲት ልጇን ውባንቺን ያሳደገች ሴት ናት። እጇ ጥብቅ ነበር፤ የጣሳውን አፍ በመዳፏ አስተካክላ ከመስጠት በቀር አንድ ፍሬ ከፍ አድርጋ የሰፈረችለት ሰው አላውቅም፤ ገዢው «ምርቃት ጨምሪ እንጂ» ሲላት «ምርቃት ከእግዚአብሔር ነው፣ ከእኔ ገብስ ነው» ትለው ነበር። ያ ጥብቅ እጅ ባይኖር ኖሮ ግን ቤቷ በመጀመሪያው ክረምት በተፈታ ነበር፤ ይህንንም ገበያው ሁሉ ያውቃል፣ ምንም እንኳ ገበያ የሚያውቀውን ሁሉ የሚናገር ባይሆን።

በጥቅምት ማለቂያ ላይ ዐረፈች። ባለፈው ዓመት ክህነት የተቀበሉት፣ ድምፃቸው ያማረው ቄስ ምስጋናው፣ ከእርስዎም ሥልጠና የምስክር ወረቀት ያገኙት፣ ታብሌቱን ይዘው ከራስጌዋ ቆሙ፤ ከግርጌ ባለችው ሣጥንም የክርስትና ስሟን፣ ወለተ ኪዳን ብለው፣ ጻፉ። ካፊያ ነበረና ሰው ሁሉ ቸኩሏል። ጸሎቱ «አድኅነነ እምእደ ጸላኢ» ከሚለው ላይ ደረሰ፤ ከጠላት እጅ አድነን ማለት ነው፤ ጠላት የተባለውም ዲያብሎስ እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት አይሁንብኝ። ቢጫው ያረፈው እዚያ፣ «ጸላኢ» በሚለው ላይ ነበር። ፕሮግራሙ ጸላኢን አንሥቶ የሟቿን ስም ተክቶበታል፤ ቄስ ምስጋናውም በዚያ በሚያምር ድምፃቸው የተጻፈውን አነበቡ፦ «አድኅነነ እምእደ ወለተ ኪዳን»። ከአዛለች እጅ አድነን።

ሕዝቡም «አሜን» አለ።

ግዕዝ የማያውቀው ከልቡ ነበር አሜን ያለው። ከእስቴ ለለቅሶ የመጡ ሁለት የቅኔ ሰዎች ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ ለሐዘን መስሎን ነበር። ውባንቺም የእናቷን ስም በጸሎቱ መካከል በሰማች ጊዜ፣ እነሆ ተጠራችልኝ ብላ፣ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። እኔ ከኋላ ሆኜ በምርኩዜ መሬቱን መትቼ «ቄስ ምስጋናው! ምን አሉ? ይመልሱት እንጂ!» ብል፣ ዞር ብለው «የኔታ፣ ቢጫው እኮ እዚህ ነው ያለው» አሉኝና ቀጠሉ። ከሦስት መስመር በኋላ እውነተኛው ቦታ ሲደርስ ቢጫ አልነበረበትምና፣ እንደተጻፈው «አዕርፍ ነፍሰ እገሌ» ብለው አለፉት፤ የእገሌን ነፍስ አሳርፍ ማለት ነው። ሕዝቡ አሁንም አሜን አለ። እንግዲህ አዛለች በጠላት ስም ቦታ ተጠርታ ያለ ስም ተቀበረች፤ እገሌ የተባለው ሰው ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ በዚያ ዕለት መልካም ፍትሐት ተፈትቶለታል፤ እርስዎ ምናልባት ቢያገኙት በራሱ አፍ ያመሰግንዎ ይሆናል።

በሚቀጥለው አርብ ውባንቺ ጣሳዋን ይዛ ከእናቷ ቦታ ተቀመጠች። ከአዛለች ጋር በገበያ መደብ ሲጣሉ የኖሩት ወይዘሮ ሐረገ ወይን፣ ወሬው ከሁለቱ የቅኔ ሰዎች በኩል ደርሷቸው ኖሮ፣ ከፊቷ ቆመው ሰው እየሰማ «አይ ልጄ፣ የእናትሽ እጅ የከበደው በእኛ ላይ ብቻ መስሎን ነበር፤ ለካ ቄሱም ከእጇ አውጣን ይላሉ! እኔማ ሁለት ጊዜ ነው አሜን ያልሁት» አሏት። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ጣሳውን ባስተካከለች ቁጥር ከጎረምሶቹ አንዱ «አድኅነነ!» ይላል፤ ሌላው ደግሞ በዜማ «አሜን» ብሎ ይመልስለታል። ውባንቺም ገበያውን ትታ ወደ እኔ መጣችና፣ ከደጄ ሳትገባ ቆማ፣ «የኔታ፣ እኔ ግዕዝ አላውቅም፤ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እናቴን ጸለዩላት ወይስ ሰደቧት?» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ግዕዝ ሳስተረጉም የኖርሁት ሰውዬ ያችን አንዲት ሐረግ ልተረጉምላት አልቻልሁም። ክቡርነትዎ ተርጓሚ ካለዎ ይላኩልኝ።

አራተኛ፤ ከላይ ስለጠቀስኋቸው ሁሉ ምንጭ ስለሆኑት ሦስት መስመሮች አመሰግንዎታለሁ።

ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ነበር፤ እርስዎ ሌላ ነገር ሊያስመርቁ ሄደዋል አሉኝ። ፕሮግራሙን የጻፈችው ባለሙያዎ ወይዘሪት ጽዮን ግን ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና፣ ያንኑ ገጽ በስክሪኑ ላይ ከፍታ፣ ሽማግሌ ነው አይገባውም ሳትል አስረዳችኝ። «የኔታ» አለችኝ፣ «ፕሮግራሙ ‹እገሌ› የሚለውን ቃል አያውቀውም። እኔ ያዘዝሁት በቁጥር ነው፤ በዚህ ገጽ ላይ ከአሥራ አንደኛው መስመር፣ ከአምስተኛው ፊደል ጀምረህ ሦስት ፊደል ቢጫ አድርግ ብዬዋለሁ። ያን ጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ያለው እገሌ ነበር። በኋላ ከላይ ሦስት መስመር ሲጨመር ጽሑፉ ሁሉ ወደ ታች ወረደ፤ ቢጫው ግን በቁጥሩ ጸንቶ ባለበት ቀረ።» በሌሎቹ ገጾች ቢጫው ግማሽ ቃል እየቆረጠ ስለሚያርፍ ስሕተቱ ለማንም ይታያል፤ በዚህ ገጽ ግን እገሌም ጸላኢም ሦስት ሦስት ፊደል ናቸውና፣ እንደ ድስትና እንደ ክዳኑ ገጥመው አሳሳቱ። «በቁጥር መጻፌ የእኔ ችኮላ ነው፤ ቃሉን ራሱን እየፈለገ በሄደበት ተከትሎ እንዲያደምቀው አድርጌ ላስተካክለው ብዬ ጊዜ ጠይቄ ነበር፤ ምረቃው ደርሷል፣ ሲሠራ የታየን ነገር አትንኪ ተባልሁ። ከላይ ምንም እንዳይጨመርበትም ተናግሬ ነበር» ብላ አቀረቀረች። ይህን የነገረችኝ ጠይቄያት ነውና፣ በእርሷ ላይ ቁጣዎን እንዳያነሡ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ጥፋቴ ይህ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው እርሷ ብቻ ናት።

እኔም ነገሩ ገብቶኛል። በተዝካር ድንኳን ሰው በየማዕረጉ ከተቀመጠ በኋላ ሦስት ያልተጠሩ እንግዶች መጥተው ከላይኛው መቀመጫ ቢሰየሙ፣ የተቀመጠው ሁሉ ሦስት ሦስት ቦታ ወደ ታች ይሸጋሸጋል፤ አሳላፊው የሰው ፊት ሳያይ መቀመጫ እየቆጠረ የሚያድል ከሆነ ደግሞ፣ የመምሬ ድርሻ ከማን ፊት እንደሚወርድ ማንም ያውቀዋል። ያልተጠሩት ሦስት እንግዶች እነማን እንደሆኑ በስክሪኑ ላይ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር «በክቡር አቶ ሚሊዮን ዘመኑ ቆራጥ አመራር የተዘጋጀ» ይላል። ሁለተኛው የጽሕፈት ቤትዎን ራእይ ይናገራል። ሦስተኛው «መልካም ንባብ» ይላል። በፍትሐት ጸሎት ላይ መልካም ንባብ! አስከሬኑ እያዳመጠ እንዲዝናና ይሆን? እነዚህን መስመሮች ባለሙያዋ ፈትሻ ከጨረሰች በኋላ፣ በምረቃው ዋዜማ፣ በራስዎ እጅ እንደጨመሯቸው፣ ስምዎንም በራስዎ እጅ እንዳደመቁት ተረድቻለሁ፤ ስለዚህም በዚያ ፋይል ውስጥ ካሉት ስሞች ሁሉ ማድመቂያው ሳይስት ያረፈበት አንድ ስም ቢኖር የእርስዎ ብቻ ነው።

በእኛ ዘንድ፣ ክቡር ሆይ፣ ቁም ጸሐፊ ብራናውን አሰናድቶ ሲጽፍ ጥቁሩን ብቻ ጽፎ ለቀዩ ስም ባዶ ቦታ እየተወ ይሄዳል፤ ሁሉን ጨርሶ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መልሶ አንብቦ፣ እያንዳንዱ ባዶ ቦታ የማን እንደሆነ ካረጋገጠ በኋላ ነው ቀዩን ቀለም የሚያነሣው፤ በጥቁር የተጻፈ ስሕተት ይፋቃል፣ በቀይ የተጻፈ ግን ነውር ነውና። የራሱን ስም የሚያኖረው ደግሞ ከሁሉ በኋላ፣ ከመጽሐፉ ጅራት፣ በጥቁር፣ በደቃቁ ነው፤ እርሱንም «በጸሎታችሁ አትርሱኝ» ብሎ ለመለመን እንጂ ለመመስገን አይደለም። ከቅዱሳኑ ራስጌ ስሙን የተከለ ቁም ጸሐፊ በጋይንትም በስማዳም በእስቴም አላየሁም፣ አልሰማሁም። ለዚህ አዲስ ሥርዓት መሥራቹ እርስዎ ነዎትና ታሪክ አይረሳዎትም፤ ለእርስዎ ስም ቦታ ለመልቀቅ የእኛ ሙታን ሁሉ ሦስት ሦስት መስመር ወደ ታች ወርደውልዎታል።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ስለ ታብሌቱ ባትሪ ነበር። ከአዛለች ቀጥሎ ባትሪን ማንሣት ለራሴም ቀለለብኝና ተውሁት።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልመለስ። የአዛለች አርባ በመጪው ቅዳሜ ነው። እኔ ጸሎቱን በቃሌ ስለማውቀው፣ ስሟን ከቦታው ጠርቼ ልድገምላት ብዬ ለልጇ ነግሬያት ነበር፤ ውባንቺ ግን አልተቀበለችኝም። «የኔታ፣ እርስዎ ቢሉልኝ ‹ሽማግሌ ለምና አስጠገነችው› ይሉኛል። ሐረገ ወይንም ባሉበት፣ ጎረምሶቹም ባሉበት፣ ያው ቄስ ከዚያው ስክሪን ላይ ስሟን ከስፍራው ያንብቡልኝ፤ የዚያን ጊዜ ገበያ እገባለሁ» አለች። እውነቷን ነው፤ በአደባባይ የወደቀ ስም በጓዳ አይነሣም። ቄስ ምስጋናውም ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጥተው፣ በእናትሽ መቃብር ፊት እየሰገድሁም ቢሆን አነብባለሁ ብለዋታል። ፋይሉን ከፍቶ ለማስተካከል የሚያስፈልገው የይለፍ ቃል ግን በእርስዎ እጅ ብቻ ያለ ነው፤ ወይዘሪት ጽዮንም ፈቃድ ካላገኘች አትነካውም። ስልክ ስንደውል ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉናል፤ ስለዚህ ስብሰባው ሲያልቅ ሰው ሁሉ ሲያነበው የሚያገኙትን ይህን ደብዳቤ ጻፍሁልዎ።

በተረፈ፣ ዓይኑ ደክሞ ጆሮው ያልደከመ፣ ክብርዎን ከራስዎ አብልጦ ሳይሆን ከራስዎ በተሻለ የሚመዝን፣ ከሚመርቋቸው ሥራዎች ሁሉ አንዱ እንኳ ሥራ ሆኖ እንዲገኝ ሌት ተቀን የሚጸልይልዎ፣ ስሙንም እንደ ወጉ ከሁሉ በታች ያኖረ፣

መሪጌታ ይርጋ ሀብቴ
ከታች ጋይንት
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመውና፣ እርስዎም አንድ ቀን እንደ ማንኛችንም ሟች ነዎት፤ ፋይሉ እንዳለ ከቆየ በራስጌዎ የሚቆመውም ካህን ያንኑ ታብሌት ይዞ ነው። ያን ዕለት ቢጫው በየትኛው ቃል ላይ እንደሚያርፍ አሁን ያውቁታል፤ ሕዝቡም አሜን ለማለት እንደማይዘገይ አይተናል። የሣጥኑን ቁልፍ ዛሬ አልጠይቅዎትም። ይቅርታም አልጠይቅዎትም፤ ሌላ ሥነ ሥርዓት ያዘጋጁበታል ብዬ እፈራለሁ። የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው፦ ከቅዳሜ በፊት ሦስቱን መስመሮች ከገጹ አናት ላይ ያጥፉልን።